ለመጠበቁ ማን ይክፈል?

ሰው ስለ ጊግ ስራ (በአፕ ወይ በኦንላይን ፕላትፎርም እየመጣ ለእያንዳንዱ ስራ ለየብቻ ሚከፈልበት ስራ) ሲጠይቅ መጀመሪያ ሚያወጣት ጥያቄ "በሰአት ስንት ይገኝበታል?" ናት። መልሱ ደግሞ ሁሌም የተጋነነ ነው፣ መላሹ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፣ ሲያሰላ ስራ ላይ የነበረበትን ደቂቃ ብቻ ስለሚቆጥር ነው። ተሳፋሪ አንስቶ እስኪያወርድ፣ እቃ ተቀብሎ እስኪያደርስ፣ ታስክ ከፍቶ ሰብሚት እስኪያረግ። በመሃል ስልኩን ይዞ "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" እያለ የቆየው ሰአት ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ማንም አይከፍልበትማ፣ ማን ይቆጥረዋል።

እኔ መንገድ ላይ ሚሰራውን ሰርቼው አላውቅም። የኔ ኦንላይን ነበር፣ ድምፅ ወደ ፅሁፍ መገልበጥ፣ ቪዲዮ ላይ ካፕሽን ማስገባት፣ ለኤአይ ማሰልጠኛ ሚሆኑ ፎቶዎች ላይ "ይሄ መኪና ነው፣ ይሄ ሰው ነው" እያሉ ምልክት ማረግ ምናምን። ስራው ራሱ ብዙም አይከብድም። ሚከብደው እስኪመጣ ነው። ጥሩ ታስክ ከተለጠፈ በሰከንዶች ውስጥ ተሻምተውት ያልቃል፣ ስለዚህ ገጹን ሪፍሬሽ እያረጉ መቀመጥ ነው፣ ስራም አይደለም እረፍትም አይደለም፣ የቤት ሰው ሲያናግርህ "እ?" ትላለህ አይንህ ግን ስክሪኑ ላይ ነው። እንዲህ ስትል ውለህ ማታ ሂሳቡን ስታየው የተከፈለህ ለቀኑ ቁራጭ ብቻ ነው። ያኔ "ዛሬ ስራ አልነበረም" ትላለህ። ግን እኮ ስራ ላይ ነው የዋልከው!

ስለ ጊግ ሰራተኞች መብት ብዙ ይፃፋል፣ አብዛኛው ክርክር "ተቀጣሪ ናቸው ወይስ የራሳቸውን ስራ ሚሰሩ ሰዎች?" ሚለው ላይ ነው ሚሽከረከረው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን ባነበብኩ ቁጥር ሌላ ነገር ጎልቶ እየታየኝ መጣ፣ ከመጠሪያው በላይ ወሳኙ ሰአቱ ከየት ይጀምራል ሚለው ነው። አንድ ህግ ወይ የፍርድ ቤት ውሳኔ "ለሰራተኛው የቆመ" ተብሎ ሲወራ አሁን አሁን ቀጥታ ገብቼ ምፈልገው መጠበቅን ስራ ብሎ ቆጥሮታል ወይ ሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ አልቆጠረውም። (አመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ምፅፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ወደብ ላይ ጭነት ሚያወርዱ የቀን ሰራተኞች ጠዋት በር ላይ ይሰበሰባሉ፣ ፎርማኑ ይወጣና "አንተ፣ አንተ፣ አንተ" ብሎ ይመርጣል፣ የተመረጠው ይገባል፣ ያልተመረጠው ምናልባት ሌላ መርከብ ከመጣ ብሎ እዛው ይቆማል። የተመረጠውም ላንድ ሰአት ብቻ ሊሆን ይችላል ሚቀጠረው፣ ሰአቱ ሲያልቅ ሂድ ነው። መርከብ መቼ እንደሚገባ በርግጠኝነት ስለማይታወቅ በር ላይ ሁሌም ከሚፈለገው በላይ ሰው መቆሙ ለወደቡ ባለቤቶች ትልቅ ጥቅም ነበረው፣ ለቆመ ሰው አይከፍሉማ። በ1889 ነሃሴ ላይ አድማ መቱ፣ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ፣ አሸነፉ። ሰው ሚያስታውሰው በሰአት 6 ፔንስ ማግኘታቸውን ነው። እኔን የገረመኝ ሌላኛው ጥያቄያቸው ነው፣ አንድ ሰው ከተጠራ ቢያንስ የ4 ሰአት ስራ ይሰጠው አሉ። ማለትም ችግሩ የሰአቱ ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ በደንብ ገብቷቸው ነበር፣ ሰአቱ ራሱ መቆራረጡ እንደሆነ። በር ላይ ቆሞ ሳይጠራ ለቀረው ግን ቋሚ የክፍያ ስርአት የመጣው በ1947 ነው፣ ያኔ በወጣው አገር አቀፍ ስርአት ተመዝግቦ ለስራ የቀረበ የወደብ ሰራተኛ ስራ ባይገኝም ለመገኘቱ አበል ይከፈለው ጀመር። ከአድማው 58 አመት በኋላ መሆኑ ነው። ስርአቱ በ1989 ተሰረዘ፣ አድማው ልክ መቶ አመት ሲሞላው፣ አይ አጋጣሚ።

ከዛሬው ጋር ሲተያይ አንድ ነገር ላይ እነሱ ይሻሉ ነበር እላለሁ። በር ላይ የቆሙት ይተያያሉ። ዛሬ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንቱ እንደገባ፣ ማን ለምን እንደተዘለለ በአይናቸው ያያሉ። እኛ ስክሪን ላይ ስንጠብቅ አብረውን ሚጠብቁት አስር ይሁኑ አስር ሺ ምናይበት መንገድ የለም። ስራ የቀነሰው ገበያው ስለቀዘቀዘ ይሁን፣ ፕላትፎርሙ አዲስ ሰው በገፍ ስላስገባ ይሁን፣ ወይ ደግሞ እኔን ብቻ ወደ ታች ስላወረደኝ ይሁን አናውቅም።

መጠበቅ ለምን ነፃ እንደሆነ ደግሞ ሰከን ብለን እናስበው፣ የክፋት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ። ደንበኛው አፑን ሲከፍት "3 ደቂቃ" ሚል ማየት ይፈልጋል። 3 ደቂቃ እንዲሆን አቅራቢያው ላይ ባዶውን ሚጠብቅ ሹፌር መኖር አለበት። ያ ባዶውን የቆመ ሹፌር የአገልግሎቱ ትርፍ እቃ አይደለም፣ ዋናው እሱ ነው፣ ፍጥነት ብለው ሚሸጡት የሱን መጠበቅ ነው። ሹፌሮቹን በደሞዝ ሚያሰራ ድርጅት ቢሆን ቆሞ ሚውል ሹፌር ወጪ ስለሆነ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ያሰላል፣ ስንት ሰው ይበቃኛል ይላል። አፕ ላይ ግን ሌላ መቶ ሹፌር ቢጨመር ከድርጅቱ ኪስ ሚወጣ ነገር የለም፣ ደንበኛው ቶሎ ይደርስለታል፣ ኮሚሽኑ ያው ይገባል፣ ጉዳቱ ነባሮቹ ላይ ይበተናል፣ እያንዳንዱ ከትላንት ትንሽ ጨምሮ ይጠብቃል። ማንም መጥቶ "ክፍያህን ቀነስኩብህ" አላለውም። የጉዞው ዋጋ ሳይነካ ገቢው ወረደ። እንበል አንድ ሰው 10 ሰአት አፑን ከፍቶ ዋለ፣ ትእዛዝ ይዞ የነበረው 6 ሰአት ነው፣ ለ6ቱ ያገኘውን ለ10 አካፍለው፣ ከዛ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስ፣ የስልክ ዳታ ቀንስ፣ እነዚህ ወጪዎች ደግሞ ሲጠብቅም አይቆሙም። ማስታወቂያው ላይ ሚወጣው ቁጥር በ6 የተካፈለው ነው።

"ግን እኮ ማንም አላስገደደውም፣ ደስ ሲለው ይከፍታል ደስ ሲለው ይዘጋል፣ የራሱ አለቃ ነው" ሚለው መልስ ይመጣል። እሺ። ይሄን ክርክር ፍርድ ቤቶች በደንብ ፈትሸውታል። መነሻው የአለም የስራ ድርጅት በ2006 ያወጣው 198ኛው ምክረ ሃሳብ ላይ የሰፈረ መርህ ነው፣ የስራ ግንኙነት መኖር አለመኖሩ ሚለየው ወረቀቱ ላይ በተፃፈው ስም ሳይሆን በተግባር በሚሆነው ነው ይላል። ውል ላይ "ይህ ሰው ሰራተኛዬ አይደለም" ብሎ መፃፍ ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

በ2021 የካቲት ላይ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኡበር በሚባለው የታክሲ አፕ ሹፌሮች ጉዳይ ያረገው ይሄንኑ ነው፣ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ነው የወሰኑት። ያዩትን ነገር ስታዩት ቀላል ነው። ዋጋውን ሚወስነው ማነው? ድርጅቱ። ውሉን ሚፅፈው ማነው? ድርጅቱ፣ ሹፌሩ "ተስማማሁ" ሚለውን መጫን ብቻ ነው። ትእዛዝ ደጋግሞ እምቢ ቢል ምን ይሆናል? ይቀጣል፣ ከአፑ ለጊዜው ይወጣል። ኮከብ ሚሰጠው ደንበኛው ቢሆንም ኮከቡን ይዞ ሚያባርረው ድርጅቱ ነው። ሹፌሩ ደንበኛ ላፍራ ቢል እንኳን ከተሳፋሪው ጋር ከጉዞው ውጪ እንዳይገናኝ ተደርጓል። እንዲህ አይነት "የራሱ አለቃ" የት አለ? ገቢውን ማሳደጊያ ያለው አንድ መንገድ ብዙ ሰአት መስራት ብቻ ነው፣ ይሄንንም ፍርድ ቤቱ ብሎታል። እናም ዝቅተኛ ክፍያና የአመት እረፍት ሚገባቸው ሰራተኞች ናቸው ተባለ።

ግን ውሳኔው ውስጥ በጣም ወሳኝ የሆነችው ነገር ከዜናው ርእስ ስር ተደብቃ ነው የቀረችው። የስራ ሰአቱ ከመቼ ይቆጠራል ተብሎ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ የመለሰው ሹፌሩ በተፈቀደለት አካባቢ ሆኖ አፑን ከፍቶ ስራ ለመቀበል ዝግጁ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ነው። መጠበቁም ስራ ነው ማለት ነው! ከወር በኋላ ድርጅቱ ውሳኔውን እየተገበርኩ ነው ብሎ ሲያሳውቅ ታዲያ ዝቅተኛ ክፍያው ሚቆጠረው ጉዞ ከተቀበሉ በኋላ ነው አለ። አለም በሙሉ "ሹፌሮቹ አሸነፉ" ብሎ ሲያወራ ከድሉ ውስጥ ትልቁ ቁራጭ በአንዲት ሃረግ ወጣ። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ስለ ሰአቱ ማሰብ የጀመርኩት።

እውነት ለመናገር ድርጅቶቹ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፣ ሰውየው ሁለት ሶስት አፕ ባንዴ ከፍቶ ቢጠብቅስ? ሁሉም ይክፈሉት? የእንግሊዙ ፍርድ ቤትም ይሄን ጥያቄ አይቶት ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም። ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ግን ማይፈታም አይደለም፣ ወደ ኒውዮርክ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የፈረንሳይ የሰበር ፍርድ ቤት በ2020 መጋቢት ላይ የኡበር ሹፌር ተቀጣሪ ነው አለ፣ የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዛው አመት መስከረም ላይ ግሎቮ ሚባለው የእቃ አድራሽ አፕ ላይ ሚሰራ ሰው ተቀጣሪ ነው አለ፣ በማግስቱ አመት ስፔን ለአድራሾች ብቻ ሚሆን ህግ አወጣች፣ የኔዘርላንድስ በ2023 ዴሊቨሩ ስለሚባለው የምግብ አድራሽ አፕ ተመሳሳይ ወሰነ። በዛው በ2023 ግን የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዴሊቨሩ አድራሾች ሊደራደሩ ያቀረቡትን ጥያቄ ጣለው፣ ምክንያቱ ውሉ በራሳቸው ምትክ ሌላ ሰው እንዲልኩ ስለሚፈቅድላቸው ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ አይነት ስልክ፣ አንዱ ሰው ጭኖ አንዱ እቃ ጭኖ ስለሄደ መብታቸው ተለያየ። ከሁለት ያጣ ሚባለው እንዲህ ነው፣ ለድርጅት መብት ሲጠየቅ ድርጅት አይደለህም፣ ለሰራተኛ መብት ሲጠየቅ ሰራተኛ አይደለህም።

ካሊፎርኒያ ላይ የሆነው ግን ቆም ተብሎ መታየት አለበት። በ2019 ግዛቷ ኤቢ 5 ሚባል ህግ አወጣች፣ ሸክሙን ገለበጠችው፣ ሰውየው ራሱን ችሎ ሚሰራ መሆኑን ድርጅቱ ያስረዳ፣ ካላስረዳ ተቀጣሪ ነው። ድርጅቶቹ ምን አረጉ? ሹፌሮቹ ተቀጣሪ እንዳይባሉ ህዝበ ውሳኔ ጠየቁ። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው ቀሰቀሱ፣ እስከዛን ጊዜ በግዛቷ ታሪክ እንዲህ ገንዘብ የፈሰሰበት ህዝበ ውሳኔ አልነበረም፣ በ2020 ህዳር ላይ 58 በመቶ በሚሆን ድምፅ አለፈላቸው፣ በ2024 ሃምሌ ደግሞ የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አፀናው። ፕሮፖዚሽን 22 ይባላል። ለሹፌሮቹ ምን ሰጠ ከተባለ "ከዝቅተኛው የሰአት ክፍያ 120 በመቶ" ይላል። ሲሰሙት እንዴት ደስ ይላል፣ ከህጉ በላይ 20 በመቶ ጨምረው ሰጡ! ግን ሚቆጠረው ጉዞ ከተቀበሉበት እስከሚጨርሱበት ብቻ ነው። የሰአቱን ግማሽ ሲጠብቅ የዋለ ሰው 120 በመቶው በግማሽ ሰአት ላይ ይሰላና በአጠቃላይ ሰአቱ ሲታይ 60 በመቶ ይሆናል። ይቺን ለማየት ከማካፈል ያለፈ ትምህርት አይጠይቅም፣ ግን በምርጫ ማስታወቂያ ላይ 120ው ነው ሚለጠፈው።

ኒውዮርክ ከተማ ሌላ መንገድ ሄደች። በ2018 መጨረሻ የታክሲ ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ለአፕ ሹፌሮች የክፍያ ወለል ሲያወጣ ቀመሩ ውስጥ ሹፌሮች ከሰአታቸው ስንት በመቶውን ተሳፋሪ ይዘው እንደሚያሳልፉ አስገባ። ባዶ ሰአት ሲበዛ ለእያንዳንዱ ጉዞ ሚከፈለው ከፍ ይላል። እቃ ለሚያደርሱት ደግሞ በ2023 መጨረሻ በሰአት 17.96 ዶላር ተብሎ ተጀመረ፣ ከዛ በኋላ ጨምሯል፣ ዋናው ግን አፑን ከፍተው ሚጠብቁበትን ሰአትም ጭምር ሚያስብ መሆኑ ነው። ሂሳቡ በዋነኛው መንገድ ሲሰራ በድምር ነው፣ አንድ አፕ ላይ ሁሉም ሰራተኞች የሰሩበትና የጠበቁበት ሰአት ተደምሮ ድርጅቱ በጠቅላላው ለዛ ሚመጥን ከፍሏል ወይ ተብሎ ይታያል። እያንዳንዱን ሰው "አንተ በዛች ደቂቃ የትኛውን አፕ ነበር ምትጠብቀው" ብሎ ማፋጠጥ ሳያስፈልግ መጠበቅ ዋጋ ወጣለት።

ታዲያ ዋጋ ሲወጣለት ምን ሆነ? ድርጅቶቹ መጠበቅን መቀነስ ጀመሩ። በ2024 የአፕ ሹፌሮች ስራ በቀዘቀዘበት ሰአት አፑን መክፈት ተከለከሉ፣ "አሁን ቦታ የለም" ይባሉ ጀመር። ዴሊቨሪ ላይ ደግሞ ትልልቆቹ አፖች ቲፕ መስጫውን ከመክፈያው ገፅ አንስተው ከትእዛዙ በኋላ አረጉት፣ ቲፑ ወረደ። ይሄን ተቃዋሚዎቹ "አያችሁ፣ ደንቡ ሰራተኛውን ጎዳ" ይላሉ። እኔ ሁለት ነገር ነው ማየው። በር የተዘጋበት ሰው በርግጥ ተጎድቷል፣ ይሄን አልክድም፣ ለዛ ሰው "በቀመር ደረጃ አሸንፈሃል" ማለት ስድብ ነው። ግን ደግሞ እስከዛሬ "የሰራተኛውን ብዛት መቆጣጠር አንችልም፣ ነፃ ገበያ ነው፣ ደስ ያለው ይገባል" ሲሉ የነበሩት ድርጅቶች መጠበቁ ከነሱ ኪስ መውጣት ሲጀምር መቆጣጠር እንደሚችሉ አሳዩ። ይችሉ ነበር ማለት ነው። ሂሳቡ ሌላ ሰው ላይ ስለሚወድቅ ነበር ማያረጉት።

አሁን ስለ አካውንት መዘጋት ላውራ፣ እኔ ራሴ የቀመስኩት ይሄ ስለሆነ። አንድ ፕላትፎርም ላይ እየሰራሁ ድንገት ሎግ ኢን ሳረግ "መመሪያችንን ስለጣሱ አካውንትዎ ታግዷል" ሚል መጣ። የትኛውን መመሪያ? አይልም። የሰራሁት፣ ገና ያልተከፈለኝ ገንዘብም እዛው ውስጥ ነው ያለው። ሰፖርት ላይ ፃፍኩ፣ በደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ሳነበው የመጀመሪያው መልእክት ራሱ ነው። ሌላ ስልት ብዬ ረጅም ደብዳቤ ፃፍኩ፣ ስሜን ጠቅሶ "ስጋትዎን እንረዳለን" አለኝና መጨረሻው ላይ ያቺው አረፍተ ነገር። በሆነ ቀን ደግሞ ያለምንም ማብራሪያ ተከፈተ። እስካሁን ለምን እንደተዘጋ አላውቅም፣ ለምን እንደተከፈተም። ከዛ በኋላ ያለው ስራ ላይ ግን ፀባዬ ተቀየረ፣ ታስኩ ስህተት እንዳለው እያየሁ እንኳን ሪፖርት ማረግ እፈራ ነበር። አለቃህ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አለቃህን መፍራት ይገርማል።

ይሄም ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2023 ሚያዝያ ላይ የአምስተርዳም የይግባኝ ፍርድ ቤት በማጭበርበር ተጠርጥረው ከኡበር የተባረሩ ሹፌሮችን ጉዳይ አይቶ በአንዳንዶቹ ላይ ውሳኔው በማሽን የተወሰነ ነው፣ ሰው አይቶታል ሚባለውም ለስሙ ነው አለ፣ መረጃው ይሰጣቸው ተባለ። ያረፈው የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ህግ ላይ ነው፣ የስራ ህግ ላይ እንኳን አይደለም። የጣሊያኗ ቦሎኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2020 የመጨረሻዋ ቀን ላይ ዴሊቨሩ አድራሾቹን ሚደረድርበት አልጎሪዝም አድሏዊ ነው ብሎ ወሰነ፣ ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ ፈረቃውን የሰረዘ ሰው ታሞ ይሁን አድማ ላይ ሆኖ ይሁን ደስ ሳይለው ቀርቶ ይሁን ሲስተሙ አይለይም፣ ሁሉንም እኩል ወደ ታች ያወርዳል። ሲስተሙ ማንንም አልጠላም፣ ግን ህመምን እንደ ስንፍና ነው የቆጠረው።

በ2024 የወጣው የአውሮፓ ህብረት የፕላትፎርም ስራ መመሪያ ይሄን በስፋት ይዞታል። ሰውን ማገድ ወይ ማባረር በማሽን ብቻ አይቻልም፣ ሰው ይወስን፣ ምክንያቱ በፅሁፍ ይሰጥ ይላል፣ የሰራተኛውን ስሜትና የስነልቦና ሁኔታ ሚመለከት ዳታ መሰብሰብም ይከለክላል። ተቀጣሪነት ላይም ቁጥጥር እንዳለ ሚያሳይ ነገር ካለ ተቀጣሪ ነው ተብሎ ይገመት፣ ድርጅቱ ካልተስማማ እሱ ያስተባብል ይላል። አባል አገሮቹ እስከ 2026 ታህሳስ 2 በየህጋቸው እንዲያስገቡት ቀን ተቆርጦላቸዋል፣ ግምቱ በምን በምን እንደሚነሳ ዝርዝሩን ሚያወጣው እያንዳንዱ አገር ስለሆነ አንዱ ጋር ጥርስ ይኖረዋል አንዱ ጋር ድድ ብቻ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ሲያትል ከተማ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ከባድ ጥፋት ካልሆነ በቀር አካውንት ከመዘጋቱ በፊት የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ብላለች። አስራ አራት ቀን! እኔ አስራ አራት ሰከንድም አላገኘሁም።

መብት ቢኖር እንኳን የት ሄዶ ይጠየቃል ሚለው ሌላ ነው። ካናዳ ውስጥ አንድ የምግብ አድራሽ ኡበርን ሊከስ ሲል ውሉ ላይ ያለው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ማንኛውም ክርክር በኔዘርላንድስ ግልግል ይታያል፣ ሂደቱን ለመጀመር ብቻ 14,500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይከፈላል። የሰውየውን ያመት ገቢ አብዛኛውን ሚበላ ገንዘብ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ሰኔ ላይ ይሄ አንቀፅ ህሊና ሚቀበለው አይደለም ብሎ ጣለው። ግን አስቡት፣ ይቺን ብቻ ለማስጣል፣ ማለትም እቤቱ አካባቢ ያለ ፍርድ ቤት እንዲሰማው ለማስፈቀድ ብቻ፣ የአገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ነበረበት። ያኔ ዋናው ክስ ገና አልተነካም ነበር እኮ።

እኔን መሰል ኦንላይን ሚሰራ ሰው ጋር ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የአለም ባንክ በ2023 ባወጣው ግምት በአለም ላይ ኦንላይን ጊግ ሚሰራ ሰው ከ154 ሚሊዮን እስከ 435 ሚሊዮን ነው። የሁለቱን ቁጥሮች ርቀት እዩት። ሹፌር ቢያንስ ከተማ አለው፣ መንገዱ ላይ ይታያል፣ የከተማው ምክር ቤት በር ላይ መኪናውን ሊያቆም ይችላል። የኔ አሰሪ አንድ አገር ነው፣ ሰርቨሩ ሌላ፣ ደንበኛው ሶስተኛ፣ እኔ አራተኛ። የየትኛው አገር ዝቅተኛ ክፍያ? ከ2005 ጀምሮ ባለው የአማዞን ሜካኒካል ተርክ ሚባል የኦንላይን ታስክ ገበያ ላይ ስራ ያዘዘው ሰው ውጤቱን "አልተቀበልኩም" ብሎ ሳይከፍል መቅረት ይችላል፣ የተሰራው ግን እሱ እጅ ላይ ይቀራል። የአለም የስራ ድርጅት በ2025 ጉባኤው ላይ ለፕላትፎርም ስራ አስገዳጅ ኮንቬንሽን (አለም አቀፍ ስምምነት) ይዘጋጅ ብሎ ወስኗል፣ የመጨረሻው ውይይትም ለ2026ቱ ጉባኤ ነው የተያዘው። ኮንቬንሽን ቢወጣም ሚያስገድደው ያፀደቀውን አገር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አልፈነድቅም፣ ግን እኔን ሚመለከት ጠረጴዛ ካለ እሱ ነው።

አንዳንድ አንባቢ "ታዲያ ሁሉም ቋሚ ተቀጣሪ ይሁን ነው ምትለው?" ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ይሄን ስራ የያዝኩት ሰአቱን ወድጄው ነው፣ ሌሊት መስራት ይመቸኛል፣ ማንም ለምን አረፈድክ አይለኝም፣ ልጅ ሚያሳድጉ፣ ሚማሩ፣ ታማሚ ሚያስታምሙ ሰዎች ለምን እንደሚመርጡት ይገባኛል። ግን ተለዋዋጭ ሰአትና መብት አብረው አይሄዱም ያለው ማነው? ሲንጋፖርን እዩ፣ ከ2025 ጥር 1 ጀምሮ የፕላትፎርም ሰራተኞችን ለብቻ መደብ ሰጥታ የስራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ ለጡረታና ለቤት ሚሆን የቁጠባ መዋጮና ተወካይ የማቋቋም መብት ሰጠቻቸው፣ ሰአታቸውን ማንም አልነካባቸውም። ህንድ በ2020 ባወጣችው የማህበራዊ ዋስትና ህግ አፖቹ ከአመታዊ ሽያጫቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ ለሰራተኞቹ ፈንድ እንዲያዋጡ ይላል። ሶስተኛ መደብ መፍጠሩን ብዙ የሰራተኛ ማህበራት አይወዱትም፣ ድርጅቶቹ ነባር ተቀጣሪዎችንም ወደዛ ይገፉበታል ብለው ይሰጋሉ፣ ስጋቱ ይገባኛል። ለኔ ግን እግሩ የተሰበረ አድራሽ ካሳ ማግኘቱ የመደቡ ስም እስኪጠራ ሊጠብቅ አይገባም።

መደራጀት ላይ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ፣ እሱም ውስጥ እንግዳ ነገር ስላለ። የራሳችሁ ስራ ባለቤት ናችሁ የተባሉ ሰዎች ተሰብስበው "ከዚህ በታች አንሰራም" ካሉ በብዙ አገር የንግድ ውድድር ህግ ይመጣባቸዋል፣ ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን እንደተመሳጠሩ ይቆጠራል። ዋጋውን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሚወስነው አፕ ግን አልተመሳጠረም! የአውሮፓ ኮሚሽን በ2022 ብቻቸውን ሚሰሩ ሰዎች በጋራ ቢደራደሩ በዚህ ህግ እንደማይጠየቁ መመሪያ አወጣ፣ ማሳቹሴትስ በ2024 በህዝበ ውሳኔ፣ ካሊፎርኒያ በ2025 በህግ ለአፕ ሹፌሮች የመደራጀት መብት ሰጡ። ከዛ በፊትም ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ብራዚል ውስጥ አድራሾች በ2020 ሃምሌ 1 በብዙ ከተሞች ባንድ ቀን አፑን ዘግተው ወጡ፣ መልእክቱ የዞረው በየዋትሳፕ ግሩፑ ነው።

እስከዛው በየግሩፑ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ምለው አንድ ነገር ነው። አፑን የከፈታችሁበትንና የዘጋችሁበትን ሰአት እራሳችሁ መዝግቡ፣ ትእዛዝ ባይመጣም፣ በተለይ ባይመጣ። ወረቀት ላይም ይሁን ኤክሴል ላይ። የታገዳችሁበትን መልእክት፣ የተቀየረውን ውል፣ የወረደውን ዋጋ ስክሪንሾት አርጋችሁ ከስልኩ ውጪ አስቀምጡ፣ አካውንት ሲዘጋ ታሪኩም አብሮ ነው ሚዘጋው። የምትኖሩበት አገር የዳታ ጥበቃ ህግ ካለው ድርጅቱ ስለናንተ የያዘውን ዳታ በፅሁፍ ጠይቁ፣ የአምስተርዳሙ ክርክር የተጀመረው በእንዲህ አይነት ጥያቄ ነው። ሲልኩላችሁ የስራ ሰአታችሁን ከየት ጀምረው እንደቆጠሩት ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አስተያዩት።